ስዋ መጨረሻ ይጫናል

«ኡኡ! የሰው ያለህ! ልጅቷን መኪና በላት!»

ፍረወይኒ ጩኸቱን የሰማችው በአባቷ ፒካፕ ሥር በጀርባዋ ተንጋላ አንድ እልኸኛ ዳዶ ስታጠብቅ ነው። ክው አለች። የማን ልጅ ትሆን? የያዘችውን መፍቻ ጥላ ለመውጣት ስትጣደፍ ግንባሯን ከብረት ጋር አጋጨች። እንደምንም ተንፏቃ ወጣችና ዓይኗ ውስጥ የገባውን አፈር በክንዷ እየጠረገች እሷም ጮኸች።

«የታለች? ማንን ነው የገጨው?»

የጎረቤታቸው የሻምበሉ ባለቤት፣ ወይዘሮ ይመኙሻል፣ ነጠላቸውን እንደጨበጡ ደርቀው ቀሩ። ከማኪናው ሥር ተዘርግተው ያዩዋቸው ሁለት እግሮች አሁን ቆመው ጥያቄ ይጠይቋቸዋል።

«አንቺ ነሽ እንዴ!» አሉ ደረታቸውን ይዘው። «ነፍሴን ልታወጪው ነበር እኮ! ሴት ልጅ ከመኪና ሥር ተጋድማ ሳይ ምን ልበል? ሞታለች ነው እንጂ!»

«ጋንቾ እያሰርኩ ነው፣ እትዬ ይመኙሻል።»

«ምንድን ነው እሱ ደግሞ?»

«ተሳቢው ከማኪናው ጋር የሚያያዝበት ብረት። ዛሬ የሰርጉን ዳስ ወደ ነፋሲት እንወስዳለን።»

«ታዲያ ወንድምሽ የት ሄዶ ነው?»

ፍረወይኒ በአገጯ ወደ ማኪናው ፊት ጠቆመች። ኣርኣያ በጎን መስታወቱ ላይ አጎንብሶ ፀጉሩን እያበጠረ ነበር። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ወዲህ እጁን ግራሶ አይነካውም፤ ፀጉሩን ግን ቅባት አይለየውም። ጩኸቱን ሰምቶ አንዴ ዞር ብሎ አየና እህቱ በሕይወት መኖሯን ሲያረጋግጥ ወደ መስታወቱ ተመለሰ።

እውነቱን ለመናገር፣ ሥራውን አብረው ነው የጀመሩት። አባታቸው በርሄ አሮጌውን ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ጣልያናዊ ገበሬ ገዝቶ ግቢ ካቆመው በኋላ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ጋንቾውን ይሠሩ ነበር። ኣርኣያ መጀመሪያ ብረቱን በፓራውልቲው፣ በግጭት መከላከያው፣ ላይ ሊያስረው ፈልጎ ነበር፤ ቀላሉ እሱ ነውና። «ፓራውልቲ ለጌጥ ነው፤ ሲጎተት ተገንጥሎ ይቀራል» ብላ የተከራከረችው ፍረወይኒ ነች። ስለዚህ የማኪናው አጥንት የሆነውን ቴላዮ በእጅ መብሻ ሲበሱ ከረሙ። እሱ ያዞራል፣ እሷ ከሥር ትገፋለች፤ ሲደክመው እሷ ታዞራለች፣ እሱ ያወራል።

ለሙከራ ደግሞ አባታቸው ሳያይ ወደ ሰምበል ሜዳ ወጥተው ነበር። ተሳቢው ላይ ድንጋይ ጫኑ፤ ለመጫን በሚቀርበው በኩል፣ ከኋላ። ኣርኣያ ፍጥነት ሲጨምር ተሳቢው ግራና ቀኝ ይወዛወዝ ጀመር፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ እንደተናደደ በሬ ጭራ። ፒካፑም አብሮት ተወዛወዘ። መሪው አልታዘዝ አለ። «ማማ!» እያለ የጮኸው ኣርኣያ ነበር፤ ይህን ግን ለማንም እንዳትናገር አስምሏታል። ቦይ ውስጥ ሊገቡ ትንሽ ሲቀራቸው ቆሙ። ድንጋዩን ከጎማው ወደ ፊት አዛውረው ሲሞክሩት ተሳቢው እንደ በግ ተከተላቸው።

«ባባ ከሰማ መሪ አያስጨብጠኝም» አላት ያን ቀን። «ቃል ግቢልኝ።» ቃል ገባች። ወንድሟ ነዋ።

ዛሬ እንግዲህ ያ ተሳቢ የሰፈሩን ማኅበር ዳስ ሊሸከም ነው። በሰፈራቸው፣ በእዳጋ ሓሙስ፣ ማኪና ያለው ሰው የሰርግ ዕቃ አድርስ ሲባል እምቢ አይልም። የምታገባው ኣስካሉ የፍረወይኒ የአክስት ልጅ ናት፤ ሰርጉ ነገ ነፋሲት ነው። የዳሱ ቋሚዎች፣ ሸራው፣ አግዳሚዎቹ፣ ድስቶቹ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወይዘሮ ይመኙሻል ጠላ የሚሉት ስዋ፣ በሦስት በርሜል። የነፋሲት ውሃ ለስዋ አይሆንም ብለው የሰፈሩ ሴቶች እዚሁ ነው የጠመቁት።

ጭነቱን የሚያዝዙት የማኅበሩ ሽማግሌ ኣቦይ ተኽኣ ናቸው። ከዘራቸውን እያወዛወዙ ጎረምሶቹን ያሯሩጣሉ።

«ቋሚው ወደ ውስጥ! ሸራው ከላይ! አግዳሚው እዚያ! በርሜሎቹን አትንኩ አልኩ! ስዋ መጨረሻ ነው የሚጫነው።»

ፍረወይኒ ቀና አለች። በርሜሎቹ አንድ በአንድ ተንከባለው በተሳቢው ጭራ ላይ ቆሙ። ሦስተኛው ሲቀመጥ የተሳቢው አፍንጫ ወደ ላይ ተነሳና የፒካፑን ቂጥ ይዞት ከፍ አለ። የፒካፑ ባሌስትራ ከሸክሙ ሲላቀቅ ሲጥጥ አለ። ያንን ድምፅ ታውቀዋለች። ሰምበል ላይ ሰምታዋለች።

«ኣቦይ ተኽኣ» አለች፣ «ስዋው ወደ ፊት መሄድ አለበት። ኋላው ከከበደ ይወዛወዛል።»

ሽማግሌው ሳቁ። በክፋት አልነበረም፤ ግን ሳቁ። «ኣይፋልን፣ ጓለይ! አይደለም፣ ልጄ። ከአባቶቻችን ጀምሮ ስዋ መጨረሻ ይጫናል፣ መጀመሪያ ይወርዳል። እንግዳ ተሰብስቦ ስዋው ከአግዳሚ ሥር ሲፈለግ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ያኔ በካሚዮን ነበር የሚጫነው። ካሚዮን የራሱ ጀርባ ላይ ነው የሚሸከመው። ተሳቢ ግን…»

«ተሳቢ ግን ምን? ስንት ሰርግ ደግሰሻል አንቺ?»

ጎረምሶቹም ሳቁ። አንዱ «ጋንቾ ያሰረች ኢንጂነር ሆነች!» አለ። የፍረወይኒ ጆሮ ግንድ ጋለ። ወደ አባቷ አየች። በርሄ ገመድ እያሰረ ነበር፤ እጁ ቆም አለ፣ ከዚያ ማሰሩን ቀጠለ። በሰው ፊት ሽማግሌን አይቃረንም፤ ልማዱ ነው። ልማድ! ዛሬ ሁሉም ሰው ልማድ አለው፤ እሷ ብቻ ዓይን አላት።

«በል ኣርኣያ» አሉ ኣቦይ ተኽኣ፣ «ዛሬ የምትነዳው አንተ ነህ ብለናል። አባትህም ፈቅዷል። ጎበዝ ነህ። ጭነቱ ያሰጋሃል?»

ፍረወይኒ በእፎይታ ተነፈሰች። ኣርኣያ ያውቃል፤ አሁን ይናገራል።

ኣርኣያ ቁልፉን በጣቱ ላይ አዞረው። ጎረምሶቹን አየ። ሽማግሌውን አየ። እህቱን ብቻ አላየም።

«ምንም አይልም» አለ። «እኔ መርምሬዋለሁ። እሷ ፈሪ ናት።»

ፈሪ! «ማማ!» ያለው ማን ሆነና! ክንዱን ይዛ ከአጥሩ ጥግ ጎተተችው።

«ምን ማለትህ ነው? ረሳኸው?»

«ዝቅ በይ፣ ይሰማሉ።»

«ይስሙ!»

«ፍረ፣ በእናትሽ። አሁን ይወዛወዛል ብል እንዴት አወቅህ ይሉኛል። ባባ ቁልፉን ይቀበለኛል፤ በሰው ሁሉ ፊት። ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።»

«ሰምበል ለጥ ያለ ሜዳ ነው! የነፋሲት መንገድ ቁልቁለት ነው፤ በየዞሩ ገደል ነው። ባባ አጠገብህ ነው የሚቀመጠው። ኣቦይ ተኽኣም።»

«ቃል ገብተሽልኛል» አለ፤ እጇን ከክንዱ ላይ አላቆ ሄደ። ወደ ማኪናው ሲቃረብ እንደገና ማፏጨት ጀመረ።

ያን ፉጨት ሰምታ ፍረወይኒ ልታለቅስ ደረሰች፤ አላለቀሰችም እንጂ። ብታለቅስ «አየህ፣ ሴት» ይሉ ነበር። ሄዳ ሰምበልን ልትናገር ትችላለች፤ ያኔ ቃል አፍራሽ እሷ ትሆናለች፣ እሱ ደግሞ ዋሸች ይላል፤ ማንን እንደሚያምኑ አሁን አይታለች። ዝም ልትልም ትችላለች። ዝም ብላ ከፒካፑ ጀርባ ከሌሎቹ ልጃገረዶች ጋር ተቀምጣ፣ ከበሮ እየመታች፣ ከኋላቸው ያ ነገር ሲወዛወዝ ልታይ።

«እንውጣ! ኬላው ከመሸ አያሳልፍም!» አሉ ኣቦይ ተኽኣ።

ኣርኣያ መሪው ኋላ ተቀመጠ። ሞተሩ ተነሳ። በርሄ የፊቱን በር ከፍቶ እግሩን ሲያነሳ፣ ከኋላ የወይዘሮ ይመኙሻል ድምፅ እንደገና ሰፈሩን ሞላው።

«ኧረ ውረጂ! አንቺ ልጅ ዛሬ ልትገድይኝ ነው እንዴ የተነሳሽው?»

ፍረወይኒ በተሳቢው ጭራ፣ በመጨረሻው በርሜል ላይ ተቀምጣ ነበር። ቀሚሷን በጉልበቷ ሰብስባ፣ በሁለት እጇ ገመዱን ይዛለች። እሷ ስትወጣ የፒካፑ ቂጥ አንድ ጣት ያህል ጨምሮ ብድግ ብሏል።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?» አላት አባቷ።

«ስዋውን እይዛለሁ ባባ። እንዳይወድቅ።»

«የእናንተ ቦታ ፒካፑ ላይ ነው። ውረጂ።»

«ለምን? ምንም አይልም ተብሏል እኮ።» ድምፅዋ እንዳይንቀጠቀጥ ቀስ አድርጋ ተናገረች። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ የሚታየውን የወንድሟን ዓይን ፈልጋ አገኘችው። «ኣርኣያ መርምሮታል። ንዳ፣ ኣርኣያ።»

ማንም አልሳቀም። ሞተሩ ይጉረመረማል። በመስታወቱ ውስጥ የኣርኣያ ዓይን ሸሸ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሸሸ። ፍረወይኒ ገመዱን እንደያዘች ጠበቀች። ንዴቱ ግን አልበረደም፤ እንዲያውም ያጸናት እሱ ነው። ቢነዳ እሄዳለሁ ብላ ወስናለች። ይህን ወንድሟም ያውቃል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቃታል።

«በል እንጂ» አሉ ኣቦይ ተኽኣ። «ትሂድ፣ ምን ይሆናል? ንዳ።»

ሞተሩ ጠፋ።

«ትውረድ» አለ ኣርኣያ።

«ለምን?» አለ በርሄ።

«…ይወዛወዛል።»

«ምኑ?»

«ተሳቢው፣ ባባ። ኋላው ሲከብድ ይወዛወዛል። መሪ አያስይዝም።»

«ማን ነገረህ?»

ኣርኣያ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። ሰምበልን ተናገረ፤ ድንጋዩን፣ ቦዩን፣ መሪውን። «ማማ!» ማለቱን ብቻ ዘለለው፤ ፍረወይኒም አላረመችውም። በርሄ ጨርሶ ሰማ። አልተቆጣም፤ መዳፉን ብቻ ዘረጋ። ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ።

ኣቦይ ተኽኣ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው ቆሙ። «ቅድም ብትሉኝ ምን ነበር?» አሉ።

ቅድም የተናገረው ማን እንደነበረ የሚጠይቅ አልነበረም። ይቅርታ የሚል ደግሞ ጭራሽ። ጎረምሶቹ «ኢንጂነር» ያለውን ልጅ ጨምሮ መሬት መሬት እያዩ መጥተው ገመዱን መፍታት ጀመሩ። ፍረወይኒ ግን የመጀመሪያው በርሜል መሬት እስኪነካ ድረስ ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም። አሁንም የምታምናቸው በርሜሉ ሲወርድ ስታይ ነው።

ስትወርድ ኣርኣያ አጠገቧ መጣ። «ደስ አለሽ?» አላት በጥርሱ መሃል።

«አልተናገርኩም» አለችው። «ቃሌን ጠብቄያለሁ።»

«ብትናገሪ ይሻለኝ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

አግዳሚዎቹ ወርደው፣ በርሜሎቹ በአዲስ ቦታ ቆሙ፤ ከጎማው ትንሽ ወደ ፊት። ኣርኣያ ራሱ ነበር ሁለቱን ያንከባለለው፤ የተበጠረው ፀጉሩ ግንባሩ ላይ ወርዶ ነበር። በርሄ ከተሳቢው ጎን ሆኖ፣ ወደ ኣርኣያም ወደ ሽማግሌውም ሳይሆን፣ «ፍረ፣ አሁንስ?» አለ።

ፍረወይኒ በጉልበቷ ተንበርክካ አየች። ፒካፑ ከኋላው ትንሽ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። ፔርኖው፣ ማያያዣው ዘንግ፣ በቀዳዳው ውስጥ ልክ ቆሟል፤ ሰንሰለቱም ተጠላልፎ ታስሯል። «አሁን ይሄዳል» አለች።

አግዳሚዎቹ ከኋላ መጨረሻ ተጫኑ። ኣቦይ ተኽኣ ይህን እስከ ዳር ቆመው ተመለከቱ፤ ፊታቸው ቅዳሜና እሁድ ቦታ እንደተለዋወጡበት ሰው ፊት ነበር።

«ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ግን አንድ ነገር ንገረኝ በርሄ። ስዋው ከውስጥ ተቀብሮ፣ አግዳሚው መጀመሪያ ሊወርድ ነው። ነፋሲት ስንደርስ ስዋው እስኪወጣ ድረስ ያ ሁሉ ሽማግሌ ምን ያድርግ?»

በርሄ የመጨረሻውን ቋጠሮ በጥርሱ ስቦ አጠበቀ።

«ይቀመጥ።»