በጣም እንቀሳቀሳለሁ

«እዪማ አለቃ፣ ቀሚሱ ሰፋኝ» አለች ፌንጣ፣ የወገቧን ጨርቅ በሁለት ጣቷ ቆንጥራ እያሳየች።

«ጎሽ» አለች ታላቅ እህቷ። አንጀቷ ግን እርር ድብን አለ።

እንዴት አይረር? ካሎሪ የሚቆጥረውን አፕ ስልካቸው ላይ የጫኑት አብረው ነው። ሁለቱም የበሉትን ሳይደብቁ ይሞላሉ። ታናሺቱ እየቀነሰች ሄደች፤ ታላቂቱ ጭራሽ ጨመረች። እናታቸው ሳትቀር «ፌንጣዬ አማረባት» ትላለች። ስለ ትልቋ ማንም ትንፍሽ አይልም።

ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ የሚውሉት በእናታቸው ላውንደሪ ውስጥ ነው። ትልቋ ባንኮኒው ጋ ተቀምጣ ልብስ ትቀበላለች፣ ደንበኛ ታስተናግዳለች፤ «አለቃ» ያስባላትም ይኸው ወንበር ነው። ፌንጣ ደግሞ እንደ ስሟ አንድ ቦታ አትረጋም። እርጥብ ልብስ በቅርጫት ተሸክማ ፎቅ ላይ ወዳለው ማስጫ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፣ ከዚያ ቆማ ስትተኩስ ትውላለች።

አፑ ገና ሲከፈት «በቀን ምን ያህል ትንቀሳቀሳለህ/ሽ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። አለቃ ሳታቅማማ «በጣም እንቀሳቀሳለሁ» የሚለውን ነካች። ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ስትጨቃጨቅ ውላ ማታ ወገቧ ቁርጥ ይላል፤ ከዚህ ወዲያ እንቅስቃሴ ከየት ይምጣ? ስልኩም አምኗት ጠቀም ያለ ምግብ ፈቀደላት።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ፌንጣ ባዶ ቅርጫቷን ይዛ ስትወርድ ግድግዳውን ተደገፈችና ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ከንፈሯ ነጥቷል። እናታቸው ሳሙና ልትገዛ ወጥታ ነበር። አለቃ ሮጣ ስኳር በጥብጣ አጠጣቻት፤ ዛሬ ምን እንደበላች ለማየትም ስልኳን ተቀብላ አፑን ከፈተች። ከላይ «ተቀምጬ እውላለሁ» ይላል።

«ይሄን ለምን መረጥሽ?»

«ታዲያ ምን ልምረጥ? ስፖርት አልሠራ። ቅርጫት መሸከም ሥራ ነው እንጂ እንቅስቃሴ ነው እንዴ?»

አለቃ ሁሉም ነገር ገባት። ይቺ ልጅ ማታ ማታ ግማሽ ሳህን ቀምሳ «በቃኝ» ስትል ጉራ ይመስላት ነበር። ለካ ስልኩ ተቀማጭ መስላው እያስራባት ኖሯል። አለቃን መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው፤ የፌንጣ ቅጥነት በስህተት የመጣ ነዋ! ወዲያው ደግሞ የልጅቷን ነጭ ከንፈር አየችና በደስታዋ አፈረች።

«ለእማዬ እንዳትነግሪ» አለች ፌንጣ። «ያንቺስ ምን ይላል?»

«የኔም እንዳንቺ ነው» ብሎ መዋሸት ቀላል ነበር። ዝም ብትልም የሚያውቅባት የለም፤ ፌንጣ ግን ነገም ሳትበላ ያንን ደረጃ ትወጣለች። አለቃ የራሷን ስልክ ከፍታ እህቷ እጅ ላይ አስቀመጠችላት።

ፌንጣ ስልኩን አየች፣ ባንኮኒውን አየች፣ ሳቋ መጣና ዋጠችው።

«ተለዋውጠናል» አለች አለቃ፣ ዓይኗን ሰብራ። «የምትንቀሳቀሺው አንቺ ነሽ። እኔ ተቀምጬ ነው የምውለው።»

ቀሚሱ ግን አሁንም ያምርባት ነበር፤ አለቃም አሁንም ቀናች። ቢሆንም ለመክሰስ የያዘችውን ዳቦ ገምሳ ትልቁን ለፌንጣ ሰጠቻት። ከዚያ ማሽኑ ውስጥ የቀረውን እርጥብ ልብስ ቅርጫቱ ላይ ከምራ ወደ ማስጫው መውጣት ጀመረች።