ኢንስፔክሽን ያለፈችው መኪና

ባርናባስ ሞቶ የተገኘው በሮውሌት ከተማ በተከራየው ቤት ጋራዥ ውስጥ፣ በአሮጌ ሰማያዊ መኪናው መሪ ላይ እንደ ተደፋ ነበር። ወቅቱ እ.ኤ.አ. የካቲት 2009፣ ቀኑ እሑድ ነው። ያገኘችው እኅቱ ትዕግሥት ናት፤ ከሆስፒታል የሌሊት ሥራዋ ወጥታ አብረው ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ነበር።

የጋራዡ በር ተዘግቷል። የመኪናዋ ቁልፍ ማስነሻው ላይ ነው፤ የነዳጅ መለኪያው መርፌ ባዶው ላይ ተኝቷል። የሟቹ ፊትና ጥፍሮች ቀልተዋል፤ ጭስ የገደለው ሰው መልክ ነው። የተጠራው ፖሊስ ሰውዬው በር ዘግቶ ሞተር አስነሥቷል፣ ሞተሩም ቤንዚኑ እስኪያልቅ ሠርቷል ብሎ ጨርሷል።

የካውንቲው የሞት መርማሪ ሸዋረገድ ስትደርስ ትዕግሥት በር ላይ ጠበቀቻት።

«እትዬ፣ ራሱን ገደለ ብለው ከጻፉ ፍትሐት አይደረግለትም። ቀሲስ ነግረውኛል። እናቴን ምን ብዬ ነው የማረዳት?»

ሸዋረገድ ተስፋ አልሰጠቻትም። ሬሳውን አየች፤ የኤርፖርት የሥራ ልብሱን ለብሷል፣ ባጁም ደረቱ ላይ ነው። ከዚያ የመኪናዋን ኮፈን ከፈተች። ሞተር በሚኖርበት ቦታ ባትሪዎች ተደርድረዋል። ከኋላ ጎንበስ ብላ የጭስ ማውጫውን፣ ማርሚታውን ፈለገች፤ የለም።

መኪናዋ ከቤንዚን ወደ ኤሌክትሪክ የተለወጠች ነበረች። መርፌው የተኛው ነዳጅ ስላለቀ ሳይሆን ታንኩ ቀድሞ ስለ ወጣ ነው። ትዕግሥትም ይህን አታውቅም ነበር። ፖሊሱ ባትሪ ጋዝ አያወጣም ወይ ሲል ጠየቀ። ሲሞላ እንደሚያወጣ፣ ያ ጋዝ ግን ቢፈነዳ እንጂ ደም እንደማያቀላ ሸዋረገድ ነገረችው።

መኪናዋን የሸጠው ፍቅሩ በጎረቤቷ ጋርላንድ ከተማ መካኒክ ነው። ሸዋረገድን ሲያይ ላብ አጠመቀው፤ የሸጠው ዕቃ ሰው ገደለ የሚባል መስሎታል። መጀመሪያ ኢንስፔክሽን፣ ዓመታዊውን የመኪና ምርመራ፣ የወደቀችው የእጅ ፍሬኗ የባትሪውን ክብደት መያዝ ስላቃተው መሆኑን፣ እሱ ከጠገነው በኋላ ዓርብ ዕለት ማለፏን ተናገረ። ባርናባስ ግን እሑድ ቀሲስ ጠበል እስኪረጩለት ድረስ ኤሌክትሪክ መሆኗን ለማንም እንዳይናገር አስምሎታል።

«ለምን?»

«ጓደኞቹ መጫወቻ ገዛ ብለው እንዳይስቁበት። ደግሞ ያላለቀ ነገር ማውራት አይወድም።»

«ኤርፖርት ድረስ ይነዳት ነበር?»

«ማለቴ፣ አንዴ ተሞልታ አርባ ማይል ነው የምትሄደው። በዚህ ብርድ ማሞቂያ ከከፈተ ደግሞ ያንሳል። ብታደርሰውም አትመልሰውም።»

የኤርፖርቱ ተቆጣጣሪ ባርናባስ ቅዳሜ ማታ ሻንጣ ሲጭን አምሽቶ መውጣቱን አረጋገጠ። በምን እንደ ሄደ ግን አያውቅም። ሸዋረገድ ከዚያው መንገደኛ የሚያመላልሰውን የቅርብ ጓደኛውን ኤፍሬምን ፈለገች። ያገኘችው ከአፓርታማው በታች፣ ቫኑ ውስጥ ነው። ሞተሩ ይሠራል፤ ብርዱ ያንገበግባል፣ ኤፍሬም ግን የፊቱን መስኮት ከፍቶ ተቀምጧል። ባርናባስን ካየው ሳምንት እንደሆነው፣ በስልክ ሲያወሩ ግን መንፈሱ ልክ እንዳልነበረ ነገራት።

«መኪናዋም ሰለቸችው፣ እትዬ። ሶ፣ ኢንስፔክሽን ፌይል ያደረገችው በጭሷ ነው፤ ራሱ ነግሮኛል።»

«በጭሷ?»

«አሮጌ አይደለች?»

ሸዋረገድ አመስግናው ሄደች።

ረቡዕ ማታ ሁሉንም በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ቀሲስ ወልደ ሥላሴ ከትዕግሥት ጎን ተቀመጡ፤ ፍቅሩ ከግድግዳው ተጣብቋል፣ ኤፍሬም በሩ አጠገብ ነው። ፖሊሱ ከውጭ ቆሟል።

«ባርናባስን የገደለው የመኪና ጭስ ነው፤ ደሙ ተመርምሯል» አለች ሸዋረገድ። «መኪናዋ ግን ጭስ የላትም። ስለዚህ የሞተበትን ጭስ የሳበው ሌላ መኪና ውስጥ ነው። የራሱ መኪና ኤርፖርት አድርሳ አትመልሰውም፤ እንግዲያው ቅዳሜ ማታ ያመጣው ሰው አለ። ያ ሰው መኪናዋ የቤንዚን መስላዋለች፤ ባይመስለው ኖሮ እዚያ ባላስቀመጠው። ፍቅሩ ምን እንደሆነች ያውቃል። ትዕግሥት አታውቅም፤ ግን ሌሊቱን ሆስፒታል ነበረች።»

ወደ ኤፍሬም ዞረች።

«ባርናባስ መኪናዋ መውደቋን ነግሮሃል። ለምን እንደ ወደቀች አልነገረህም፤ አንተ ከራስህ ጨመርክበት። በዚህ ከተማ አሮጌ መኪና ሁሉ በጭስ ስለሚወድቅ እሷም እንደዚያ መሰለችህ። የራስህን ቫን ዛሬ ከሰዓት ፖሊስ አስፈትሾታል። ማርሚታው ከወለሉ ሥር ተበስቷል፤ ጭሱ ወደ ኋላ ወንበር ይገባል። አንተም ስለምታውቅ ነው በብርድ መስኮት ከፍተህ የምትነዳው። ምርመራ ማለፉን የሚያሳየው ስቲከር ግን አዲስ ነው።»

ኤፍሬም ብዙ አልተከራከረም። ስቲከሩን አንድ የሚያውቀው ሰው ቫኑን ሳያይ እንደ ለጠፈለት ተናገረ። ባርናባስ ቅዳሜ ማታ ደክሞት ከኋላ ተኝቶ ነበር፤ ከኋላው በርዶኛል ስላለው የፊቱን መስኮት ዘጋ፣ ለራሱ ጣት የምታስገባ ክፍተት ብቻ ተወ። ሮውሌት ሲደርስ ቢጠራው አልሰማም። የመኖሪያ ፈቃዱ ገና አልወጣም፤ ያልተመረመረ መኪና ሰው ገደለበት ቢባል ከአገር እንደሚባረር አሰበ። ከሟቹ ኪስ ቁልፍ አውጥቶ ጋራዡን ከፈተ። መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ስትቀር ባትሪዋ የሞተ መሰለው፤ ቁልፉን እንደ ከፈተው ትቶ ወጣ።

«ራሱን ገደለ እንዲባል» አሉ ቀሲስ ወልደ ሥላሴ ቀስ ብለው። «ያለ ፍትሐት እንዲቀበር።»

ኤፍሬም አንገቱን ደፋ።

ትዕግሥት ወደ ሸዋረገድ ዞረች። «ጋራዡ ውስጥ ሲያስቀምጠው ሞቶ ነበር?»

«ከሬሳው አይለይም» አለች ሸዋረገድ። «የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።»

ትዕግሥት ኤፍሬምን አየችው።

«ትከሻዬ ላይ ሳደርገው አቃሰተ» አለ ኤፍሬም። «ሬሳ ሲነሣ እንደዚያ ያደርጋል ብዬ… አምቡላንስ ኮል ላደርግ ስልኬን አውጥቼ ነበር።»

ፖሊሱ ገባ። ኤፍሬም ሲያልፍ መስቀል ሊሳለም ወደ ቀሲስ ጠጋ አለ፤ የቀሲስ እጅ ከጉልበታቸው አልተነሣም።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ትዕግሥት ነጠላዋን አስተካከለች።

«ፍትሐቱ ነገ ስንት ሰዓት ነው፣ አባ?» አለች። «ለእናቴ ያንን ብቻ ነው የምነግራት።»