እሽኮኮ

ወላሂ፣ ያየሁትን ነው የምጽፈው። አንድም ቃል አልጨመርኩበትም... ይልቅ የተውኩት ይበዛል።

በሌሊት የሆነ ነገር እንዳይመስላችሁ። ዓርብ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት። ጎንደር፣ አዲስ ዓለም፣ በገዛ ግቢዬ ውስጥ። ኅዳር 1998 ዓ.ም።

ስሜ ጃቢር ነው፤ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ያኔ ከባለቤቴ ከዙሌይካ ጋር አንዲት ልጅ ነበረችን። መርዋ። ስድስት ዓመቷ።

ግን መርዋ ብሎ የሚጠራት አልነበረም። ፊቷ ትንሽ፣ ዓይኗ ክብ፣ ፀሐይ መሞቅ የምትወድ ነበረችና እናቷ «ሽኮኮዬ» አለቻት። እኔም ለመድኩት። ሽኮኮዬ ስንላት «አቤት!» የምትለው ከሰፈሩ ጫፍ ይሰማል።

ከሥራ ስመለስ የግቢው በር አጠገብ ካለችው ድንጋይ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ጀርባዬን ሰጥቼ ቁጢጥ እላለሁ። ትከሻዬ ላይ ትወጣለች። እሽኮኮ አድርጌ ወደ ቤት አስገባታለሁ። የቤቱ በር ላይ ስንደርስ ጭንቅላቷ እንዳይመታ ጎንበስ እላለሁ።

ይቺን ጎንበስ ማለት ያዙልኝ።

ሱልጣን የሚባል ድመት ነበረን። ጣራው ላይ ደግሞ ስድስት ርግቦች። መርዋ ግን አልበቃትም።

«ድመቱ የእማዬ ነው። ርግቦቹ ያንተ ናቸው። የኔስ?»

«ጫጩት ልግዛልሽ?» አልኳት።

ዙሌይካ ሳቀች። «ለሱልጣን ምሳ ልግዛለት በለኛ!»

እውነቷን ነው። ሱልጣን ሌባ ነበር። እና ድመት የማይደፍረው፣ ርግብ የማይነካ ትንሽ እንስሳ እንፈልግ ተባባልን። ጥንቸል ይሁን አልን።

ወደ ትክል ድንጋይ ገበያ ጨርቅ ጭኜ ስሄድ መርዋን ይዣት ሄድኩ። ዶሮ ተራው ጥግ ላይ አያ ሰጠኝ የሚባሉ ሽማግሌ አንዲት ነጭ ጥንቸል ይዘው ቆመዋል።

«ሸጋ ናት። ለልጅ ትሆናለች» አሉኝ።

መርዋ ግን ጥንቸሏን ዞር ብላም አላየቻት። ከሽማግሌው እግር ሥር የተከደነ ቅርጫት ነበር። ቁጢጥ ብላ ክዳኑን ገለጠችው።

ቡናማ፣ ጭራ የሌላት፣ ጡጫ የምታህል ነገር ቀና ብላ አየቻት።

«ስሟ ማነው?»

«ሽኮኮ ናት እንጂ ምን ስም አላት» ብለው ሳቁ ሽማግሌው።

የመርዋ ፊት በራ። «እኔም!» አለች።

የአያ ሰጠኝ ሳቅ ቆመ።

«ምን አለች ልጂቱ?»

«ቤት ውስጥ ሽኮኮ ነው የምንላት» አልኩ።

ቅርጫቱን መልሰው ከደኑት። «ጥንቸሏን ውሰዱ። ይቺን ለሽያጭ አላመጣኋትም። ከገደሉ ሥር ራሷ ተከትላኝ ነው የመጣችው።»

«ምነው አያ፣ ልጅ እንዲህ ወዳ እያየች?»

መርዋ ማልቀስ ጀምራ ነበር። ሽማግሌው አዩዋት... ቅርጫቱን አዩት... በመጨረሻ በእግራቸው ወደኔ ገፋ አደረጉት።

«ድመት አለን። አይነካትም?»

«የሚነካት የለም» አሉ። ልሄድ ስል ክንዴን ያዙኝ። «ሌላ ስም አውጡላት። አንድ ስም ለሁለት አይሆንም።»

እሺ ብዬ ሄድኩ። ቤት ደርሰን ስም እናውጣላት ስላት መርዋ «አላት እኮ» አለችኝ። ተውኩት።

ሱልጣን በእርግጥ አልነካትም። አንዴ አሸተታት... ፀጉሩ ቆመ... አጥሩን ዘሎ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ግቢያችንን አልረገጠም። ከጎረቤታችን ከእትዬ እጅጋየሁ አጥር ላይ ሆኖ ያየናል።

በሦስተኛው ቀን ርግቦቹም የእትዬ እጅጋየሁ ጣራ ላይ አረፉ።

«ጃቢር፣ ርግቦችህ ክርስትና ሊነሡ ነው መሰል!» አሉኝ።

ሳቅን። ያኔ ገና እንስቅ ነበር።

አንድ ቀን ዙሌይካ ከማድ ቤት «ሽኮኮዬ!» ብላ ተጣራች።

«አቤት!» አለች መርዋ ከደጅ።

«አቤት» አለ ሌላ ድምፅ... ከአልጋው ሥር። ቅርጫቱ ካለበት።

ከዙሌይካ ጋር ተያየን።

«የገደል ማሚቶ ነው» አልኳት። አልጋ ሥር ምን ገደል አለ?

ከዚያ በኋላ መርዋ ዝም እያለች መጣች። ምግብ ቀነሰች። ሲጠሯት አቤት ማለት ተወች። ከቤታችን ጀርባ ተነሥቶ እስከ ግቢው በር የሚደርስ የድሮ የድንጋይ ግንብ አለ። ቁመቱ ሦስት ሰው ያህላል። በፈረሰው በኩል እየወጣች እላዩ ላይ ትቀመጣለች። ስንት ጊዜ ተቆጥቼ አወረድኳት።

«እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አንተ ስትመጣ አይሃለሁ።» ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። «አባዬ... ቀስ በል፣ ትሰማለች።»

«ማን?»

«እኔን ስትጠራ መርዋ በለኝ። ሽኮኮ ስትል እሷ ናት የምትመጣው።»

ልስቅ ነበር። ፊቷን አይቼ ተውኩት።

«ጣቶቿ እንደኔ እየሆኑ ነው» አለችኝ። ትንሿን መዳፏን ዘረጋችልኝ። አውራ ጣቷን አጠፈችው። «አንድ ብቻ ነው የቀራት።»

«እሺ፣ መርዋ እልሻለሁ» አልኳት።

እሺ ማለት ቀላል ነው። አፍ ግን የለመደውን ነው የሚናገረው።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት ተመለስኩ። ግቢው ጭር ብሏል። ጥላዬ እግሬ ሥር ገብታለች። በሩን ገፍቼ እንደ ሁልጊዜው ጀርባዬን ለድንጋይዋ ሰጥቼ ቁጢጥ አልኩ።

«ሽኮኮዬ!» አልኩ።

ምላሴን ይቁረጠው።

«አቤት» አለች ከኋላዬ።

ትከሻዬ ላይ ወጣች። ቀለለችኝ። ምግብ ትታ ስለከረመች አልገረመኝም። ተነሥቼ መራመድ ጀመርኩ።

«ምሳ በላሽ?»

«አቤት።»

«ምሳ በልተሻል ወይ ነው የምልሽ።»

«አቤት።»

እያሾፈችብኝ መሰለኝና ሳቅኩ። እግሮቿን ልይዝ እጆቼን ወደ ደረቴ ሰደድኩ...

እግር የለም።

ደረቴ ላይ የወረደ እግር የለም። ትከሻዬ ላይ ቁጢጥ ያለ ነገር ነው። ግንባሬን የያዙት ጣቶች ግን አሉ። ትንንሽ... ሙቅ... ጥፍራቸው እንደ ሰው ጥፍር ጠፍጣፋ።

ዙሌይካ የታጠበ ልብስ ይዛ ከጓሮ ብቅ አለች። ከአናቴ በላይ አየች። ልብሱ ከእጇ ወደቀ።

«ጃቢር...» አለች በሹክሹክታ። «እንዳትነቃነቅ።»

«ምነው?»

«መርዋ ግንቡ ላይ ናት። አሁን ውረጂ ብያት ነው የመጣሁት...»

«ታዲያ ይቺ...»

«ዝም በል።»

ያኔ ከላይ የልጄ ድምፅ መጣ።

«አባዬ! እኔ እዚህ ነኝ! እሷን አይደለም፣ እኔን!»

ቀና አልኩ። ግንቡ ጫፍ ላይ ወደኔ እየሮጠች ነው። እግሯን አታይም። የምታየው እኔን... ትከሻዬ ላይ ያለችውን ነው።

ቁሚ ልላት አፌን ከፈትኩ። መርዋ ልላት። አላህ ያውቃል፣ መርዋ ልላት ነበር።

«ሽኮኮዬ፣ ቁሚ!»

«አቤት» አለች... ከአናቴ ላይ ያለችው።

መርዋ አልቆመችም። የጠራሁት እሷን አልመሰላትም።

የወደቀችበትን ድምፅ አልጽፈውም።

ስሮጥ ትከሻዬ ላይ ምንም አልነበረም። አልጋ ሥር ያለው ቅርጫትም ባዶ ነበር። ልጄን ያንኑ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ቀበርናት።

ዙሌይካ ምን እንዳየች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ስታናግረኝ የምታየው ደረቴን ነው። ከአንገቴ በላይ አይታኝ አታውቅም። ሱልጣንም ቢሆን እስኪሞት ድረስ ከአጥሩ ላይ ሆኖ ሲያየኝ ፊቴን አልነበረም። ከአናቴ ከፍ ያለውን ነበር።

ሰዉም ያስተዋለው አንድ ነገር አለ። ፒያሳ ካፌ ስገባ፣ ባንክ ስገባ፣ የማንንም ደጃፍ ሳልፍ ጎንበስ እላለሁ።

«ምነው ጃቢር፣ በሩ እኮ ግመል ያስገባል!» ይሉኛል የሱቅ ጎረቤቶቼ።

አብሬያቸው እስቃለሁ። ሳላስበው ነው።

አሁን 2010 ዓ.ም ነው። መርዋ ከሞተች ዐሥራ ሁለት ዓመት ሞላት። ያቺን ቃል በቤታችን የሚያነሣት የለም።

ዛሬ ቀትር ላይ ደጅ ተቀምጬ ነበር። እትዬ እጅጋየሁ ከአጥሩ ወዲያ የልጅ ልጃቸውን ተጣሩ።

«ሽኮኮዬ! ነይ ምሳ ብይ!»

ልጅቷ አልመለሰችም።

«አቤት» አለች... ከአናቴ ላይ። ከጆሮዬ አጠገብ።

ድምፁ የመርዋ ነበር።

ግራ እጄን ቀስ ብዬ ወደ ግንባሬ አነሣሁ። ትንንሽ ጣቶች አሉ። ሙቅ ናቸው። መቁጠር ጀመርኩ።

አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት...

ይህን የጻፍኩላችሁ በቀኝ እጄ ነው። ግራ እጄ አሁንም ግንባሬ ላይ ነው... አምስተኛውን ይፈልጋል።