በንድፉ መሃል የቆመችው

ሌይላ በሩን በጣቷ ጫፍ ገፋ አደረገችው። ሰው የተወው ቤት በር ሲከፈት ይጮኻል ብላ ጠብቃ ነበር። ይሄኛው ግን ትናንት ዘይት የተቀባ ይመስል ድምፅ ሳያሰማ ወለል አለ።

ከኋላዋ ጉሙ ነበር። የአንኮበር ጉም ከቆላው ሽቅብ ሲወጣ አንዴ ዛፉን፣ አንዴ አጥሩን፣ አንዴ መንገዱን እያለ ይውጣል። ከአፍታ በፊት አባቷ አብዱልሀሚድ የተቀመጠበት ሻይ ቤት ይታያት ነበር። አሁን ሻይ ቤቱም፣ ወደ አልዩ አምባ የሚወስዳቸው ሚኒባስም የሉም። ሾፌሩ «ጉሙ ሳይገልጥ አልነቃነቅም» ብሎ ሞተሩን አጥፍቷል። መንገዱ ቁልቁለት ነውና ማንም አልተከራከረውም። አባቷ ሻዩን ሲያዝ እሷ «እዚሁ አካባቢ ነኝ» ብላ ወጣች።

ሌይላ ደብረ ብርሃን የምትማር የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሰሞኑን ደግሞ ማንኛውንም ነገር ሳታየው ማለፍ አቅቷታል። ከተማው ውስጥ ሻሽና ስካርፍ የሚያትም አንድ ወርክሾፕ ተማሪዎችን በዲዛይን አወዳድሮ፣ አሸናፊውን ክረምቱን ሙሉ ሊያሠለጥነው ነው። የሥዕል መምህራቸው ሠረቀብርሃን ነገሩን ክፍል ውስጥ ሲነግሯቸው እንዲህ ብለው ነበር፦

«አበባ ሣሉ አላልኳችሁም። ዙሪያችሁን እዩ። ንድፍ ማለት አንዲት ቁራጭ ናት። ቁራጯን ከራሷ ጋር ደጋግማችሁ ስትገጥሟት መጋጠሚያው መታየት የለበትም። ግራው ቀኙን፣ ላዩ ታቹን መፈለግ አለበት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌይላ የተቆረጠ ጥቅል ጎመን ሆድ፣ ጭቃ ላይ የቀረ የጫማ ሶል፣ ጠዋት ጠዋት ቧንቧው ላይ የሚጋገረውን አመዳይ በስልኳ ስታነሳ ከረመች። መምህሩ ሁሉንም እያዩ «ጥሩ ነው» ይሏታል። «ጥሩ ነው» ሲሉ ግን ዓይናቸው ወደሚቀጥለው ተማሪ ወረቀት ይሄዳል።

አሁን ጨለምለም ባለው ቤት ውስጥ፣ ልክ በሩ አጠገብ ካለው ግድግዳ ላይ፣ የምትፈልገውን አየችው።

ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በትንንሽ ምልክቶች ተሞልቷል። ቀይ፣ አመድማ፣ ነጭ። እያንዳንዱ የታጠፈ ጣት ያህላል። በብሩሽ ሳይሆን በእጅ የተቀባ መሆኑ ያስታውቃል፤ አንዱም ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሁሉም ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ጎንበስ ብለዋል፤ ነፋስ እንደመታው የገብስ ማሳ። ከግድግዳው መሃል አካባቢ ምልክቶቹ በድንገት ያቆማሉ። ከዚያ ወዲያ ጨለማ ስለነበረ ሌይላ አልታያትም። ሳይጨርሱት ትተውት ይሆናል ብላ ብርሃን ያገኘውን ጥግ፣ ምልክቶቹ እስከሚያቆሙበት ድረስ፣ ፎቶ አነሳችው።

ከዚያ አንዱን ምልክት ነካችው። ጣቷ ቀይ ሆኖ ተመለሰ። ጭቃው እርጥብ ነበር።

በዚያው ቅጽበት ከግድግዳው ጀርባ ድምፅ ሰማች። ችፍ። ችፍ። ችፍ። በባዶ እግር ጭቃ የሚረግጥ ሰው ድምፅ።

«ማነው?» አለች።

ድምፁ ቆመ። ዝምታው ሰው የሌለበት ቦታ ዝምታ አልነበረም፤ አንድ ሰው ትንፋሹን ይዞ የቆመበት ዝምታ ነበር። ሌይላ ወደ ኋላዋ አፈገፈገች፤ ከዚያ ወደ ጉሙ ውስጥ ሮጠች። ሻይ ቤቱን ያገኘችው ስሟን እየጠራ የወጣውን የአባቷን ድምፅ ተከትላ ነው።

*

ንድፉን ለመሥራት አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ በቃት። ፎቶውን ስልኳ ላይ ባለው የሥዕል አፕ ከፍታ ቆረጠችው። ጫፉ አልገጥም ሲላት ግልባጩን፣ በመስታወት እንደሚታይ አድርጋ፣ ከጎኑ አስቀመጠች። ገጠመ። ደጋግማ ደረደረችው። ስክሪኑ በቀይና በአመድማ ማዕበል ተሞላ።

«ወይኔ፣ ቀሽት ነው!» አለች የክፍል ጓደኛዋ ባፈና በማግስቱ፣ ስልኩን ከእጇ ነጥቃ። «ከየት አመጣሽው?»

ሌይላ ስለ ቤቱ ልትነግራት አፏን ከፈተች። ጣቷ ላይ የቀረው ቀይ ጭቃ ትዝ አላት።

«ዝም ብዬ... ከጭንቅላቴ» አለች።

መምህር ሠረቀብርሃን ሲያዩት «ጥሩ ነው» አላሉም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩት። «ይሄ ሌላ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሰኞ በትልቁ ታትሞ ይገባል። ትንሽ አጉዪልኝ ብቻ።»

ያን ዕለት መግሪብ ተሰግዶ እራት እስኪቀርብ ድረስ ሌይላ ምንጣፉ ላይ ተደፍታ ንድፉን ስታጎላ፣ አምስት ዓመት ያልሞላት እህቷ ሱልጣና ትከሻዋ ላይ ተንጠላጠለች።

«ሌዩ፣ እነዚህ ሰዎች ለምን ቆሙ?»

«የቱ ሰዎች? ቅጠል ነገር ነው።»

«ቅጠሉን አይደለም። እነዚህን።» ሱልጣና ትንሿን ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። ጣቷ የነካው ቀዩን ወይም አመድማውን አልነበረም። በመሃላቸው ያለውን ባዶ ቦታ ነበር።

ሌይላ አየችው።

ምልክቶቹ ያቆሙበት ጠርዝና ግልባጩ በተገጠሙበት ቦታ ሁሉ ባዶው ቅርፅ አበጅቷል። ራስ። ትከሻ። ወደ ታች የተለቀቁ ሁለት እጆች። ከዚያ ቀሚስ። አንዲት ልጅ፣ ቀጥ ብላ የቆመች። ከጎኗ ሌላ፣ ያው ራሷ። ከዚያም ሌላ። በረድፍ በረድፍ፣ ከስክሪኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ቆመዋል። ፊት የላቸውም። ወደ እሷ ይዙሩ ጀርባቸውን ይስጡ አይታወቅም።

«አዑዙ ቢላህ» አለች ሌይላ፣ ሳታስበው እንደ እናቷ።

ቅርፁን ለማጥፋት ምልክቶቹን አጠጋጋቻቸው። ልጆቹ ቀጠኑ እንጂ አልሄዱም። ቀለሙን ቀያየረችው። ያው ናቸው። መምህሩ እንዳዘዟት ስታጎላው ደግሞ ተለቁ፤ ተልቀውም ቀረቧት።

ከዚያ በኋላ ንድፉን ከእነሱ ለይታ ማየት አልቻለችም። መምህሩ ለሙከራ አትመው ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ተማሪዎቹ «ዋው» እያሉ ያልፋሉ። አንዱ ስካርፉን እንደሚገዛ ምሎ ተገዘተ። ባፈና ፊት ለፊቱ ቆማ ሰልፊ ተነሳች። ሌይላ ግን ከመጨረሻው ወንበር ላይ ሆና ታያለች፤ በባፈና ትከሻ ላይ፣ በግራዋ፣ በቀኟ፣ ድምፅ የሌላቸው ልጆች ተሰልፈዋል። ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም አያያቸውም። ሂሳብ እየተማሩ ቀና ስትል እዚያው ናቸው። ደወል ሲደወል ሁሉም ይወጣል፤ እነሱ ይቀራሉ።

*

ቅዳሜ አባቷ ለአልዩ አምባዋ አክስቷ ለኡሙሀኒ መድኃኒት ሊያደርስ ሲነሳ «እኔም እሄዳለሁ» አለችው። ሲሄዱ አንኮበር ላይ ፀሐይ ነበረ፤ ሚኒባሱም አልቆመም። ሲመለሱ ግን ጉሙ ቀድሟቸው ወጥቶ ጠበቃቸው። መኪና ለመቀየር ሲወርዱ አባቷ ወደ ሻይ ቤቱ አመራ። ሌይላ ሁለት ዓይነት ፍርሃት ነበረባት። አንዱ ወደዚያ ቤት መሄድ ነው። ሌላው ሳትሄድ ደብረ ብርሃን መግባት።

የቤቱ በር ክፍት ነበር። መስኮቱም ተከፍቷል። በመስኮቱ በሚገባው ግራጫ ብርሃን፣ እጇ እስከ ክርኗ በቀይ ጭቃ የተለወሰ አንዲት ሴት ግድግዳው ሥር ቆማለች። በአርባዎቹ መጨረሻ የምትሆን፣ ወፍራም ሹራብ የለበሰች፣ ቀጭን ሴት። ሌይላን ስታይ አልደነገጠችም።

«መጣሽ?» አለቻት።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ እኔ...»

«ያን ቀን አይቼሻለሁ። ጓሮ ሆኜ ጭቃ ስረግጥ ነበር። ማነው ስትዪ ሰምቻለሁ። በግድግዳው ስንጥቅ አየሁሽ። ጉሙን ይዛ በር ላይ የቆመች ልጅ ሳይ...» ሴትዮዋ በክርኗ ፊቷን ጠረገች። «ድምፄ እምቢ አለኝ። ወለተሐና እባላለሁ። ግቢ፣ ብርድ ነው።»

ሌይላ ገባች። አሁን የግድግዳው መሃል ይታያል። ምልክቶቹ ከአራቱም አቅጣጫ መጥተው የሚያቆሙት በአንድ ቦታ ዙሪያ ነው። ቦታው ምንም አልተቀባም። ቁመቱ የአሥር ዓመት ልጅ ያህላል። ራስ። ትከሻ። የተለቀቁ እጆች። ቀሚስ።

በበሩ መቃን ተደገፈች።

«ይሄ... ማናት?»

«ታላቅ እህቴ። አመተ ማርያም።» ወለተሐና ስሙን ስትጠራ ዝግ አለች። «እሷ አሥር፣ እኔ ስድስት ዓመታችን ነበር። እሳት ጠፍቶብን ከጎረቤት ልትጭር ወጣች። ጎረቤት የምልሽ ያ ዛፍ ሥር ነበር፤ ድንጋይ ብትወረውሪ ይደርሳል። ጉሙ እንደዛሬ ነው። ከዚህ ወጣች። እዚያ አልደረሰችም። ሀገር ምድሩ ሲፈልጋት ከረመ፤ ነጠላዋ እንኳን አልተገኘም።»

ከውጭ ምንም አይሰማም። ጉሙ በመስኮቱ አፍ ላይ ቆሟል።

«ከመውጣቷ በፊት እዚህ ግድግዳ ላይ ተደግፋ ነበር። እናቴ የምታለቅስበት መቃብር አልነበራትም። ያንን ቦታ ሳትነካ ዙሪያውን መቀባት ጀመረች። ክረምት በመጣ ቁጥር ይረግፋል፤ ክረምት ሲወጣ ትቀባዋለች። እሷ ስታርፍ እኔ ያዝኩት። ቤቱ ሰው አይኖርበትም። እኔም የምኖረው ገበያው ጋ ነው። ግን ተይው ብዬ ራሴን ማዘዝ አቃተኝ። እሷን አይደለም የምሥለው፣ ልጄ። ዙሪያዋን ነው።»

ሌይላ ስልኳን አውጥታ ንድፉን ከፈተችው። ለሴትዮዋ ዘረጋችላት። ወለተሐና በጭቃ እጇ ላለመንካት አንገቷን አስግጋ አየች።

«ብዙ አደረግሻት» አለች።

«ለውድድር ነበር። ስካርፍ ላይ ሊታተም። እኔ ሰው መሆኗን አላወቅሁም ነበር፣ ወላሂ።»

«ስንት ይሆናሉ?»

«ማተሚያው እስካለ ድረስ... መጨረሻ የለውም።»

«እሷ ግን አንድ ነበረች» አለች ወለተሐና። በቁጣ አይደለም። ልክ ያልሆነ ነገር ለልጅ እንደምታርም ሰው ነው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያንቺዋ ወደየት ናት፤ እየሄደች ነው እየመጣች? እናቴ እየሄደች ነው ትል ነበር። እኔ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም። ላንቺ ምን ትመስልሻለች?»

ሌይላ ስልኳን ሳይሆን ግድግዳውን አየች። መዋሸት ይቻል ነበር። ደግሞም የቱ ውሸት ደግ እንደሚሆን አታውቅም።

«የምትመጣ» አለች።

ወለተሐና ጎንበስ ብላ እጇን ጭቃው ውስጥ ከተተች፤ ግን ቀና ሳትል ቆየች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ላጥፋው?» አለች ሌይላ።

«እኔ ምን አውቄ፣ የኔ ልጅ። ስልኩ ያንቺ ነው።»

ከሩቅ ክላክስ ተሰማ፤ ከዚያ የአባቷ ጥሪ። ሌይላ ተሰናብታ ወጣች። ጉሙ ውስጥ ስትራመድ ከኋላዋ የእግር ኮቴ የሰማች መሰላት። አልዞረችም፤ አልሮጠችምም። የሚከተላት ካለ እንዲደርስባት ያህል፣ ቀስ ብላ ሄደች።

*

ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቶቹ በትንፋሽ ታፍነው ነጭ ሆነዋል። ሾፌሩ እንደ ኤሊ ነው የሚነዳው። አንዲት እናት ነጠላዋን ጠቅልላ ውጭውን ለማየት መስኮቱን ክብ አድርጋ ጠረገች። ከኋላዋ ያለው ሰውዬ የራሱን በመዳፉ ሰያፍ አድርጎ ጠረገው። ከፊት ወንበር የአንድ ሕፃን ጣቶች አምስት ቀጫጭን መስመሮች አወጡ። አባቷ በኩታው ጫፍ፣ ለሶላት ውዱእ እንደሚያደርግ ሰው ተጠንቅቆ፣ ትንሽ ቀዳዳ ከፈተ። ሁሉም ውጭውን ለማየት ያደረገው ነው፤ ሁሉም ያየው ጉም ነው። አፍታ ሳይቆይ ትንፋሹ ይሸፍነዋል፤ እንደገና ይጠርጋሉ።

ሌይላ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ እነዚያን ቀዳዳዎች በጣቷ ስልኳ ላይ ስትሥል መጣች። እሁድን ሙሉ ጫፍና ጫፋቸውን ስታገጥም ዋለች። በቀላሉ አልገጠሙም። በግልባጭ ልታታልላቸው ግን አልፈለገችም። ማታ ላይ ሱልጣናን ጠርታ አሳየቻት።

«ምን ይታይሻል?»

ሱልጣና ስልኩን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ መረመረችው። «መስኮት» አለች። «ሰዎቹስ የት ሄዱ?»

«የሉም» አለቻት ሌይላ።

ሰኞ ጠዋት መምህር ሠረቀብርሃን አዲሱን ወረቀት ተቀብለው አዩት። «መጋጠሚያው እዚህች ጋ ትንሽ ይታያል» አሉ። «ርግጠኛ ነሽ ይሄ ነው የሚገባው? ያኛው ያሸንፍ ነበር።»

«ይሄ ነው፣ ቲቸር።»

ወደ ግድግዳው ሄዳ የተሰቀለውን ህትመት እንዳይቀደድ ተጠንቅቃ አወረደችው። ከመጠቅለሏ በፊት አንዴ ቆም ብላ አየችው። ከዚያ ባዶዎቹ እንዳይታጠፉ አድርጋ ጠቀለለችው።

ባፈና ዓይኗን አፍጥጣ ቀረች። «አበድሽ እንዴ? ያንን ትተሽ ይሄን? ቆይ፣ ያኛው ከጭንቅላቴ ነው አላልሽኝም?»

«ዋሽቼሽ ነው» አለች ሌይላ። «ያኛው የሰው ነው።»

«የማን?»

ሌይላ ጥቅሉን ብብቷ ሥር አድርጋ፣ ከጎኗ ያለውን ወንበር ለባፈና ሳበችላት።

«ተቀመጪና ልንገርሽ» አለቻት። «አመተ ማርያም ትባል ነበር።»