ከባለቤቴ በስተቀኝ የነበረው ወንበር

ዕድሜዬን ሙሉ ፊዚክስ ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ ተማሪዎቼ ስለ ቡዳ፣ ስለ ዛር፣ ስለ ሙት መንፈስ ሲያወሩ ከሰማሁ ጠመኔዬን አስቀምጬ «በዐይንህ አይተሃል ወይስ ሰው ነገረህ?» ብዬ አፋጥጥ ነበር፣ ዛሬም ቢሆን ለእንዲህ ያለ ወሬ ጆሮዬን አልሰጥም፣ ስለዚህ ወዳጄ፣ ይህን የማጫውትህ አምኜበት ሳይሆን ሌላ ስም ላወጣለት ስላልቻልሁ መሆኑን አስቀድመህ እወቅልኝ።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ እዚሁ ጉለሌ፣ በትልቁ የሕዝብ አዳራሽ ውስጥ ነው። የአካባቢያችን አረጋውያን ማኅበር ከሰዓት በኋላ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቶ ነበር። ባለቤቴ ፀዳለ በልብ ሕመም ሆስፒታል ተኝታ ከወጣች ገና ብዙ አልቆየችም፣ ሐኪሙም ድካምና ድንጋጤ እንዳያገኛት አጥብቆ አስጠንቅቆን ስለ ነበር እንድትቀር ለመንኋት።

«እንደ ዕቃ ቆልፈህብኝ መክረምህ አይበቃም?» አለችኝ ነጠላዋን እያጣፋች። «እስቲ ሰው ልይበት!»

እኛ ልጅ አልወለድንም፤ ወንድምና እኅቶቼም አልፈዋል፤ እርሷ ከሄደች የሚቆጣኝም የሚያባብለኝም ሰው በዚህ ምድር ላይ አይኖርም። ይህን የምልህ ልታዝንልኝ አይደለም፣ የፈራሁት ምን እንደ ሆነ እንዲገባህ ብቻ ነው።

አዳራሹን ታውቀው ይሆናል፤ በሩ ላይ ፈታሾቹ ከዘራዬን እንኳ ገልብጠው አዩት፤ ውስጡ ሰፊ ነው፣ ወንበሮቹም እንደ ሲኒማ ቤት ወንበር ናቸው፣ ሰው ሲነሣ መቀመጫቸው በሞላ ተስቦ ጧ ብሎ የሚታጠፍ። የእንጦጦ ዝናብ ጣሪያውን አሸንፎት በስተቀኝ ያለው ክፍል ያንጠባጥብ ስለ ነበር እዚያ የተቀመጠ ሰው አልነበረም፤ እኛ ከደረቁ ወገን ጫፍ ላይ ተቀመጥን፣ ፀዳለ «አየር ላግኝ» ብላ በባዶዎቹ ወንበሮች በኩል፣ እኔ በግራዋ። እንደ ልማዴ ወንበሬን በመሐረብ ጠርጌ፣ ሞላውንም ከፍ ዝቅ እያደረግሁ ስፈትሽ ከኋላችን የተቀመጡት ባለሱቁ ሐጂ ሙዘይን ሳቁ።

«መምህር፣ ወንበሩ አለፈ ወይስ ወደቀ?»

«ከአንዳንድ ተማሪዎቼ ይሻላል፣ ሐጂ።»

«እንግዲያው ሰርተፊኬቱን ይስጡትና ይቀመጡበት፣ መድረኩን ጋረዱን እኮ!»

ፀዳለ እስክታስል ሳቀች፣ እኔም ከታመመች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቼ ስለማላውቅ እንኳንም መጣች አልሁ በልቤ።

ከዚያ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወደ ማይክራፎኑ ቀረቡና በዓመቱ ውስጥ በሞት ለተለዩን አባላት የአንድ ደቂቃ የሕሊና ጸሎት እንድናደርግ ጠየቁ። ሁላችንም ተነሣን፣ ወንበሮቹም እንደ በረዶ ተንጣጡ፣ ከዚያ በኋላ ጸጥታ ሆነ፣ ከጣሪያው ጠብታ በቀር የሚሰማ የለም። መቼም ታውቃለህ፣ በሕሊና ጸሎት ጊዜ ሳል የያዘው ሰው እንኳ አፉን አፍኖ ይጨነቃል እንጂ አያስልም፣ ስልክ የጮኸበትማ ዓመቱን ሙሉ ሲታማ ይኖራል።

በዚያ ጸጥታ መካከል ከቀኝ ግድግዳ በኩል ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ጥቂት ቆይቶም ጧ አለ። ዘግይቶ የታጠፈ ወንበር ነው አልሁ። እንደገና ሲጥ አለ፣ ቀረብ ብሎ፣ ከዚያም ጧ። ቀና ብዬ አየሁ፤ እመነኝ፣ መነጽሬ ዐይኔ ላይ ነበር፣ መብራቱም እንደ በራ ነው። በእኛው ረድፍ፣ ሰው በሌለበት፣ አንዱ ወንበር መቀመጫው ቀስ ብሎ ወረደ፣ ትንሽ ቆየ፣ ተመልሶም ታጠፈ፤ ቀጥሎ የሚቀርበን ወረደ፣ ቆየ፣ ታጠፈ። ነፋስ እንዳልል መቀመጫ የሚጫን ነፋስ አላውቅም፤ ሞላው ላላ እንዳልል ላላ ያለ ሞላ በተራ አይላላም። አንድ የደከመ ሰው በየወንበሩ ዐረፍ እያለ ወደ እኛ የሚመጣ ይመስል ነበር።

ፀዳለ ዐይኗን ጨፍና፣ ግንባሯን ዝቅ አድርጋ ቆማለች። ልጮኽ ፈለግሁ፤ ብጮኽ ግን ልቧ እንዴት ይሆናል? ስቤ ላወጣት ፈለግሁ፤ እርሱም ያው ድንጋጤ ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ዙሪያዬን ቆሞ ሳለ አንድም ቀና የሚል ጠፋ፣ እኔም እንደ ሌላው ሁሉ በሥርዐት ቆሜ ነገሩ ሲቀርብ አየሁ። ከእርሷ በስተቀኝ ያለው የመጨረሻው ወንበር ሲጥ ብሎ ወረደ። አልታጠፈም።

«እናመሰግናለን፣ መቀመጥ ይቻላል» አሉ ሊቀ መንበሩ።

ሁሉም ተቀመጠ። እኔ ጎንበስ ብዬ በሹክሹክታ፣ «ፀዳለ፣ ቦታ እንቀያየር» አልኋት።

«ምን ሆነህ?»

«ጠብታው እንዳይደርስብሽ ነው።»

«ተው እባክህ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሰውዬው ገና አሁን ዐረፍ ማለታቸው ነው፤ እየተረማመድን እናስቸግራቸው?»

ዞር ብዬ ሐጂን፣ «ከባለቤቴ አጠገብ ሰው ይታይዎታል?» አልኋቸው። አንገታቸውን አስግገው አዩ፤ ፈገግታቸው ጠፋ።

«ኧረ የለም፣ መምህር። ወንበሩ ግን... ለምን አልታጠፈም?»

ስብሰባው ሳያልቅ እጇን ይዤ ወጣሁ። በሩ ላይ ስንደርስ ከኋላችን ጧ ሲል ሰማሁ፣ ዞሬም አላየሁም።

ሐኪሙ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ መርምሯታል፣ «ልቧ ደኅና ነው፣ እንዲያውም ተሽሏታል» ይላል፣ እኔ ግን ምን ብዬ ልጠይቀው? ታክሲ ስንገባ ከመስኮቱ ፈቀቅ ብላ ትቀመጣለች። ደረጃ ስትወጣ ቆም ትላለች፣ ደክሟት ሳይሆን እንደሚጠብቅ ሰው። አንድ ቀን ጨከንሁና «ፀዳለ፣ ሰውዬው ማን ናቸው?» አልኋት።

«አልጠየቅኋቸውም» አለች ተገርማ። «ትልቅ ሰው መጥቶ ሳያርፍ ማን ነህ፣ ለምን መጣህ ይባላል እንዴ? አንተ ደግሞ ነውር አታውቅም?»

ትናንት ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቅን ነበር። አግዳሚያችን ለሁለት ሰው የተሠራ ነው፣ ጠባብ ነው። ፀዳለ በድንገት ፊቷ በራ፣ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገችና ክንዴን በክርኗ ነካ አድርጋ፣ «እስቲ ትንሽ ወደዚያ ጠጋ በል» አለችኝ።

እምቢ ብል ልቧ ይደነግጣል፣ እሺ ብል ደግሞ ቦታ ለማን እንደምለቅ አላውቅም። ጠጋ አልሁ።