ጾመኛ ምላስ

«ይሄ ውሃ ነው ወይስ የዓሣ ሾርባ?» አማርኛን ከጎረቤት የለመደችው ኻሊዳ ጣሳዋን የውብዳር እግር ሥር ደፋችው። «ልጄ የጠጣውን ሁሉ ያስመልሳል። ወላሂ፣ አባትሽ ምላሱን ለማን አውሶት ነው?»

የተሰለፉት ሴቶች ሳቁ። የውብዳር አልሳቀችም።

የካርቲየ 3 ሰፈር የውሃ ገንዳ የሚሞላው አባቷ አቶ ባንቲሁን በደረቁ አምቡሊ ወንዝ ያለውን ጉድጓድ ቀምሰው «ይሁን» ሲሉ ነው። የጨው መለኪያው ብርጭቆ ከተሰበረ ወዲህ፣ ሌላ በመርከብ እስኪመጣ፣ የውሃ ሥራው አለቆች የሚያምኑት የእሳቸውን ምላስ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አብራቸው ወደ ጉድጓዱ ወረደች። ወንዙ አሸዋ ብቻ ነው። ሌሎቹ ጉድጓዶች ጨው ገብቶባቸው ተዘግተዋል፤ የቀረው ይሄ አንዱ ነው። ሁዳዴ በመሆኑ አባቷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ በአፋቸው አይዞርም። ሰዓቱ ሲደርስ አማተቡ፤ ከባልዲው ጨለፍ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነው ዋጡ።

«ተመስገን! እንደ ማር ነው።»

የውብዳር የአባቷን ከንፈር አየች። ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እሷ «ገና ልጅ ነሽ» ተብላ ቀትር ላይ ጠጥታለች። ከዚያው ባልዲ ተጎነጨችና ተፋችው።

«አባባ፣ ጨው ነው እኮ!»

«አንቺ ደግሞ! የኻሊዳ ወሬ ተጋባብሽ?»

«እርስዎ ከትናንት ጀምሮ አልጠጡም። በዚህ ሐሩር ለጠማው ሰው ባሕሩም ይጣፍጠዋል።»

ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። እንደገና ጠጡ። ደግመው ጠጡ። ጥማቸው ሲቆረጥ ፊታቸው ተለወጠ፤ የጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ አሉ።

«ጾሙ ከገባ ጀምሮ...» አሉና አልጨረሱትም። «ሕዝቡ ይህንን ሲጠጣ ከረመ?»

የውብዳር በባልዲው የቀረውን አሸዋው ላይ ደፋችው።

«ብዘጋውስ? ሌላ ጉድጓድ የለም፣ ልጄ። ነገ ምን ይጠጣሉ?»

ከወደ ባሕሩ ሞቃት ነፋስ መጣ፤ እሱም ጨው ጨው ይላል። አባቷ የቧንቧውን መዝጊያ ቁልፍ ጭናቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ።

ቁልፉን አነሳች። ወደ ገንዳው የሚሄደውን ቧንቧ እስኪጠብቅ ድረስ ዘጋችው።

ከዚያ ባዶውን ባልዲ ይዛ ወደ ካርቲየ 3 መንገድ ጀመረች። በመጀመሪያ የምታንኳኳው የኻሊዳን በር ነው። ሲከፈት ምን እንደምትላት ገና አላወቀችም።