ፉጨት የማይሰማበት ክፍል

የጉዞ ጸሐፊው አራት ቁጥር ክፍል መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባውን ለግድግዳው እንደሰጠ ነው የተገኘው። ልብሱን አላወለቀም። ግራ እጁ ላይ ሰዓቱ አለ፣ በቀኙ ትንሽ ቴርሞሜትር ይዟል። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በየእንግዳ ማረፊያው ሲያደርግ እንደኖረው፣ በሩንም መስኮቱንም ዘግቶ ሙቁ ውሃ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ሲለካ ነው ሞት የደረሰበት። በሥራ ላይ መሞት ክብር ነው ይባላል፤ ይህን ያለው ሰው እርጥብ ወለል ላይ ተቀምጦ የቀረ ሰው አላየም።

ሐኪሙ ብዙ አላመነታም፤ የገደለው ከውሃ ማሞቂያው የወጣ ሽታ የሌለው የጋዝ ጭስ ነው። የጣቢያው አዛዥ ደግሞ ከሐኪሙ ይብስ አላመነታም። በነጋታው ዓርብ ከዋናው መሥሪያ ቤት መርማሪ ስትመጣ ወረቀቱን አስፈርሞ ጨርሶ ነበር።

መርማሪዋ ሃምሳን የተሻገረች፣ ቦርሳዋ ከራሷ የሚከብድ ሴት ናት። ብዙ ጊዜ ጥያቄዋን «እስቲ» ብላ ስለምትጀምር ባልደረቦቿ «እትዬ እስቲ» ይሏታል፤ ታውቃለች፣ አትቆጣም።

«ምን አደከመዎት እትዬ፤ ያለቀ ጉዳይ ነው» አላት አዛዡ። «ሰውየው አምኗል።»

«እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

አዛዡ ነገራት። ከዓመት በፊት ጸሐፊው ስለዚሁ ማረፊያ ጽፎ ነበር። «ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ እንደ ባቡር ያፏጫል፤ እንቅልፍ የሚወድ ሰው ይለፈው» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ከዚያ ወዲያ እንግዳ ጠፋ። የማረፊያው ባለቤት ወንድም የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ማሞቂያውንም የገጠመው እሱ ነው። ተናዶ ለመጽሔቱ «ተመልሶ ቢመጣ እግሩን እሰብረዋለሁ» ብሎ ደብዳቤ ላከ። ጸሐፊውም ረቡዕ ከሰዓት ከፎቶ አንሺው ጋር ተመልሶ መጣ። ወንድምየው ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሌሊት አውቶቡስ ደረሰ። ሬሳው ሦስት ሰዓት ላይ ተገኘ። ወዲያው ፎቶ አንሺው በመስኮት ሲመለከት፣ ይኸው ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ የማሞቂያውን የጭስ ማውጫ ቧንቧ ሲነካካ አየው።

«ጸሐፊው ሐሙስ ጠዋት በሕይወት እንደነበረ በምን አወቅህ?»

«በገዛ እጁ ጽፎታል።» አዛዡ ማስታወሻ ደብተሩን ገለጠላት። «ይኸው፤ ‹ጠዋት ስነሣ ፀሐይዋ በመጋረጃው በኩል ገብታ አልጋዬ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፉጨቱም ሌሊቱን ሙሉ አብሮኝ ነበር› ይላል።»

መርማሪዋ ገጹን ትክ ብላ አየችው። ፊደሎቹ ይንገዳገዳሉ። ቀሪውን በልቧ አነበበችና ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

የማረፊያው ባለቤት ባሏ የሞተባት፣ ጉልበቷ የማይታጠፍላት ሴት ናት። አራት ቁጥርን ስትከፍት ደረጃውን አንድ አንድ እያለች ነው የወጣችው። አልጋው ላይ አንሶላው እንደተወጠረ ነው።

«እስቲ ይንገሩኝ፣ ይህን አልጋ ከሐሙስ ወዲህ ያነጠፈው አለ?»

«ማንም አልነካው። አዛዡ ቆልፎት ሄደ።»

«ሐሙስ ጠዋት የተለየ ነገር አላዩም?»

«ከሞት ሌላ ምን የተለየ ይምጣብን? ለሻይ እንኳ ውሃ አጥተን ነበር። ረቡዕ ልጄ አፍ እስከ ገደፉ የሞላችው ታንከር ባዶውን አደረ።» ከዚያ እጇን ያዘቻት። «ወንድሜን አስፈቱልኝ። እሱ ሰው የሚገድል አይደለም። እውነቱን ብቻ ያውጡልኝ፤ ሌላ ምንም አልለምንዎትም።»

መርማሪዋ እጇን አልቀማቻትም። ተስፋ ግን አልሰጠቻትም።

የማረፊያው ባለቤት ልጅ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መርማሪዋ ግቢው ውስጥ የተበጠሰ የልብስ ገመድ እየቀጠለች አገኘቻት።

«እስቲ ስለ ረቡዕ ንገሪኝ።»

«ይመጣል ከተባልን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም፣ እትዬ። መጋረጃ አጠብኩ፤ በሩ ሲከፈት ይንቋቋ ነበር፣ ዘይት ቀባሁት። ዘንድሮ የሚያማርርበት ነገር አላስቀረሁለትም። አንድም።»

«አጎትሽ አግዞሽ ነበር?»

«አጎቴ እኮ አልነበረም፤ የአምስት ሰዓት መንገድ ሄዶ እየሠራ ነበር። ያንን ደብዳቤ እንኳ ሦስቴ ቀዶ ነው የላከው። እሱን ከፈቱልኝ፣ ማረፊያውም ሰው ካገኘ፣ ወደ ትምህርቴ እመለሳለሁ። አንድ ዓመት ነው የቀረኝ።»

ፎቶ አንሺው ሦስት ቁጥር ክፍል አልጋ ላይ ዕቃውን አዝረክርኮ ተቀምጧል። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ በጣት ቢመቱት ያስተጋባል።

«ከሱ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«ስሜን ከፎቶዎቼ ሥር ረሳው። ለሦስተኛ ጊዜ። ለዚህ ሰው አይገደልም።»

«አይገደልም። እስቲ ረቡዕ ማታ ምን ሰማህ?»

ዐይኑን ሰበረ። «ውሃ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መፍሰስ ጀመረ። ሁልጊዜ የሚያደርገው ነው ብዬ ተውኩት። ለራት ሲቀር አኩርፏል አልኩ። ውሃው ግን አላቆመም። ማንኳኳት ነበረብኝ። ማንም ስላልጠየቀኝ አልተናገርኩም።»

«ነፋስ ነበር?»

«የልብስ ገመዱን የበጠሰው እሱ አይደል።»

«ፉጨቱስ አላስቸገረህም?»

«የምን ፉጨት?»

መርማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እስቲ የረቡዕ ፎቶዎችህን አሳየኝ።»

እሱ እንደ ደንቡ ፀሐይ ስትጠልቅ የቤቱን ፊት አንስቷል። አንዱ ላይ ስትደርስ አጉላልኝ አለችው። ከአራት ቁጥር ግድግዳ የወጣው ቧንቧ አፍ ላይ አረንጓዴ ነገር ተወትፏል።

ወደ ጣቢያው ስትሄድ ማረፊያው ውስጥ የቀረውን የቧንቧ ሠራተኛውን የመሣሪያ ቦርሳ ይዛ ሄደች። እሱም ቦርሳውን ሲያይ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ከፈተችው፤ ከመፍቻዎቹ ሥር ያለውን አየችና መልሳ ዘጋችው።

«ፈርሜያለሁ እኮ፣ እትዬ» አላት በለሆሳስ። «ምን ጎደለዎት?»

«ዕድሜ ልክ ነው የሚፈረድብህ።»

«ከኔ ዕድሜ ምን ቀርቶ? ይተዉት። ሆድ ይፍጀው።»

መርማሪዋ መኪናዋ ውስጥ ሞተር ሳታስነሣ ብዙ ቆየች። መተው እንደምትችል ታውቃለች፤ ያንን ማወቋን ጠላችው። አይጥ በበላ ዳዋ ሲመታ ሃያ ስድስት ዓመት አይታለች፣ አንድም ጊዜ ግን ዳዋው ራሱ ምቱኝ ሲል አልሰማችም። በመጨረሻ አዛዡን ጠርታ እስረኛውን ይዞ እንዲመጣ ነገረችው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ምግብ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ልጅቷ ከአጎቷ ጎን ተቀምጣ ክንዱን ይዛለች።

«እስቲ ከአልጋው እንነሣ» አለች መርማሪዋ። «አንሶላው እንደተወጠረ ነው። ጫማው እግሩ ላይ ነበር፣ የመንገዱ አቧራ እንኳ አልተራገፈም። ይህ ሰው እዚህ ቤት አላደረም። ውሃው ረቡዕ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተከፈተ፤ የሚዘጋው ሰው ስላልነበረ ታንከሩ እስኪያልቅ ፈሰሰ። የሞተው ያኔ ነው።»

«ደብተሩስ?» አለ አዛዡ።

«ፊደሉን እየው። መስመሩ ሁሉ ጉድጓድ እየገባ ይወጣል። የሐሙስን ጠዋት ረቡዕ አውቶቡስ ላይ ነው የጻፈው።»

ፎቶ አንሺው ራሱን ነቀነቀ። «ሁላችንም እንደዚያ ነን። ከአንድ ጉዞ ሦስት ጽሑፍ ካልወጣ አይኖርም፣ ቀኑ ደግሞ አይበቃም። መንገድ ላይ ጽፈን፣ ስንደርስ ያልሆነውን እንሰርዛለን።»

«እሱ ሳይሰርዝ ቀረ። ቧንቧው ሌሊቱን ሙሉ አፏጨ ብሏል፤ ገመድ በሚበጥስ ነፋስ ግን ጎረቤቱ ምንም አልሰማም። ቧንቧው ተደፍኖ ነበር ማለት ነው። ጭሱ መውጫ ሲያጣ ወደ ሰውየው ተመለሰ።» ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይህ ረቡዕ ፀሐይ ስትጠልቅ የተነሣ ነው። ያን ጊዜ የቧንቧ ሠራተኛው የአምስት ሰዓት መንገድ ርቆ ነበር። ሐሙስ መሰላል ላይ የወጣው የተወተፈውን ለማውጣት ነው።»

«ተመስገን» አለች እናትየው። «ወንድሜ ነጻ ነው ማለት ነው።»

«ነጻ ነው።» የመርማሪዋ ድምፅ ወረደ። «የደፈነው ሰው ቧንቧው ለምን እንደተሠራ የማያውቅ፣ ነፋስ የሚያፏጭበት ቀዳዳ ብቻ የመሰለው ሰው ነው። መሰላል የሚያስወጣ ጉልበት አለው። እንግዳው በሰላም እንዲተኛም ከማንም በላይ ይመኝ ነበር።»

«በቃ፣ እትዬ» አለ አጎትየው። «ስለ ፈጣሪ ይበቃል። እኔ ነኝ ብያለሁ።»

መርማሪዋ ቦርሳውን ከፈተች። በጥላሸት የጠቆረ አረንጓዴ የትምህርት ቤት ሹራብ አውጥታ ከፎቶው አጠገብ አስቀመጠች።

«የኔ ነው እኮ» አለች ልጅቷ። «እንዳያፏጭ ብዬ...» የአጎቷን ክንድ ለቀቀች። ሹራቡን አየች፣ ፎቶውን አየች፣ የሁሉንም ፊት በተራ አየች። «ሹራቤ ነው እንዴ የገደለው?»

አጎቷ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

«አላወቀችም» ይላል ደጋግሞ። «ሰው ይረፍ ብላ ነው። አላወቀችም።»

አዛዡ ጉሮሮውን ጠረገ። እንደ ነፍሰ ገዳይ እንደማትከሰስ፣ በቸልተኝነት ግን መጠየቋ እንደማይቀር፣ ዛሬውኑ ቃሏን መስጠት እንዳለባት ተናገረ። ዳኛ ያዝንላት ይሆናል። እሷ ለራሷ እንደማታዝን ግን መርማሪዋ ከፊቷ አነበበች፤ ከዚያ ደግሞ በነጻ የሚያሰናብት ፍርድ ቤት የለም።

«ምን ብሎ ጽፎልን ነበር?» አለች ልጅቷ።

መርማሪዋ ይህን ጥያቄ ፈርታ ነበር። ቀሪው ምንም አይደለም ልትላት ፈለገች፤ ለዚች ልጅ መዋሸት አቃታትና ደብተሩን አውጥታ አነበበችላት።

«‹ባለፈው ዓመት በዚህ ቧንቧ ምክንያት ክፉ ጽፌ ሰው አርቄባቸዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። እንዲህ ያለ ንጹሕ ቤት በአንድ ፉጨት አይናቅም፤ ሂዱና እደሩበት።›»

«ይህንንም አውቶቡስ ላይ ነው የጻፈው?»

«አዎ።»

«ሳይመጣ?»

«ሳይመጣ፣ ልጄ።»

ልጅቷ ተነሣችና ወደ በሩ ሄደች። አዛዡ ተከተላት። በሩ ሲከፈት ነፋስ ገባ፣ ላይ ከአራት ቁጥር በኩልም ቧንቧው ማፏጨት ጀመረ። እናትየው በማይታጠፍ ጉልበቷ ብድግ አለች፤ ልጇ ከቤት በወጣች ቁጥር የምትለውን ልማድ ሆኖባት ሳታስበው አለችው።

«ይበርዳል፤ ሹራብሽን ደርቢ።»

እጇም ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ሹራብ ተዘርግቶ እዚያው ቀረ።